ላም አለኝ በሰማይ? ስለ ወጣቱ የሥነ ፈለክ ተመራማሪና ስለ ገንዘቡ

አንድ ወጣት «ሥራዬ ከዋክብትን መመርመር ነው» ብሎ ሲናገር በአገራችን የሚጠብቁት መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «እንግዲያውስ የእኔን ኮከብ ቁጠርልኝ» የሚል ነው። ይህ የሥነ ፈለክን ተመራማሪ ከኮከብ ቆጣሪ ጋራ አንድ አድርጎ ከማየት የመጣ ነውና ሥቆ ማለፍ ይቻላል። ሁለተኛው ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ነው። ይኸኛው እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ በጀት የሚደለድለውም፣ ማመልከቻ የሚመረምረውም፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚልከውም ሰው በልቡ የያዘው ይህንኑ ተረት ስለ ሆነ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ አጭር ነው። ላሟ በእርግጥ አለች፤ ወተቷ የማይታየውም በሰማይ ስለ ሆነች ሳይሆን አላቢው ስለ ተረሳ ነው።

በመጀመሪያ እስካሁን የተሠራውን አለማመስገን ንፉግነት ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2004 47 ሰዎች ተሰብስበው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን ሲያቋቁሙ ብዙ ሰው በነገሩ ይሥቅ ነበር። እነርሱ ግን ሣቁን ችለው ቆዩ። በ2015 በእንጦጦ ጋራ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ተመረቀ። ከ3 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ የሆነውንም ወጪ በአብዛኛው የሸፈኑት ሼክ መሐመድ አል አሙዲ ነበሩ። በ2016 መንግሥት የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ፤ ይህም በ2022 ከሌላ መሥሪያ ቤት ጋራ ተዋሕዶ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ተባለ። በዲሴምበር 20 ቀን 2019 ደግሞ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ምድር ተወነጨፈች። ዋጋዋ 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን ከዚህ ውስጥ 6 ሚሊዮኑን የሰጠችው ቻይና ነበረች።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ዝርዝር መልሰህ ተመልከተው። ጉልላት፣ ቴሌስኮፕ፣ መሥሪያ ቤት፣ ሳተላይት። ሁሉም ሪባን የሚቆረጥላቸው፣ ፎቶግራፍ የሚነሡ፣ እንግዳ የሚጋበዝባቸው ነገሮች ናቸው። በዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ሰውየው ነው። ሰው ሪባን አይቆረጥለትም። የማስተርስ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ወይም የዶክትሬት ማዕርጉን ገና ትናንት ይዞ፣ እንደ አሰላ ባለ ከአዲስ አበባ በራቀ ከተማ ፊዚክስ የሚያስተምረው ወጣት፣ ለምርምሩ የሚሆን ገንዘብ ከየት ያገኛል? የሚለው ጥያቄ በየንግግሩ መካከል አይነሣም።

ይህ ወጣት የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ብዙ ሰው «ቴሌስኮፕ» ብሎ ይመልሳል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የዛሬው ሥነ ፈለክ በአብዛኛው የሚሠራው ሌሎች ባከማቹት መረጃ ላይ ነው። ጋያ የምትባለው የአውሮፓ መንኰራኩር በ2013 ተወንጭፋ የ1.8 ቢሊዮን ያህል ከዋክብትን ስፍራና ብርሃን መዝግባለች። በ2022 የወጣው መዝገቧ ለማንም ሰው በነጻ የተከፈተ ነው። ከ1990 ጀምሮ ሰማዩን የሚያየው ሐብል የተባለው ቴሌስኮፕ የሰበሰበውም ሣጥን ውስጥ የተቈለፈ አይደለም። በካሊፎርኒያ ያለ ሊቅና በአሰላ ያለ መምህር በዚህ መዝገብ ፊት እኩል ናቸው። እኩልነታቸው የሚያበቃው መብራቱ ሲጠፋ፣ የኢንተርኔቱ መሥመር ሲቈረጥ፣ ኮምፒዩተሩ አርጅቶ ሲንቀራፈፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መምህሩ ሳምንቱን በሙሉ ክፍል ውስጥ ሲውልና ፈተና ሲያርም ሲያመሽ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደኅና ኮምፒዩተር፣ የማይቋረጥ መሥመር፣ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ጉባኤ የሚሄድበት መሳፈሪያ፣ ጽሑፉን ለማሳተም የሚከፈለው ገንዘብና የማይነካ ጊዜ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ለአንድ የመሥሪያ ቤት መኪና ከሚወጣው ዋጋ ጋራ ቢነጻጸር እንኳ ጥቂት ነው።

ራሱ ሰማዩን ልይ ቢልም ትንሽ መሣሪያ ይበቃዋል። የመስተዋቱ ስፋት ከ25 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ከካሜራ ጋራ ካለው፣ ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል ከዋክብትን መለካት ይችላል። በአሜሪካ በ1911 የተመሠረተው የተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው በእንደዚህ ዓይነት ትንንሽ መሣሪያዎች ነው። የእኛ ስፍራ ደግሞ የራሱ ጥቅም አለው። አሰላ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ያህል ላይ ስለ ሆነች፣ የሰሜኑ ኮከብ በአድማስ አጠገብ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ፊትን ወደ ደቡብ ሲመልሱ ደግሞ አውሮፓውያን ከአገራቸው ሆነው የማያዩት የደቡብ መስቀል ይወጣል። በእኛ ዘንድ ሲመሽም ታላላቆቹ ቴሌስኮፖች ባሉባት በቺሊ ገና እኩለ ቀን አካባቢ ነው። አንድ ኮከብ በዚያች ሰዓት ቢለወጥ የቺሊው ሊቅ ሊያየው አይችልም፤ የአርሲው መምህር ግን ሊያየው ይችላል። ይህን የምናገረው ጭላሎ ተራራ 4,000 ሜትር ያልፋልና ጉልላት ይሠራበት ለማለት አይደለም። ጉልላትስ እንጦጦም አለ። የምንጠይቀው ለሰው ነው።

ለዚህ አሳብ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ የአርሲ ምድር ራሱ ሦስት ትምህርቶች ይሰጠናል።

የመጀመሪያው ትምህርት ቁሉምሳ ነው። ከአሰላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ይህ የእርሻ ምርምር ማዕከል የተተከለው የስዊድን መንግሥት በ1967 ባስጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ ካዱ ብሎ በሚያውቀው ሥራ ምክንያት ነው። ስዊድኖቹ ሄዱ፤ መንግሥታት ተለዋወጡ፤ ቁሉምሳ ግን አልተዘጋም። በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የሚባለውን ስንዴ በያገሩ ሲያወድመው፣ ካካባና ዳንደአ የተባሉት ዝርያዎች ከቁሉምሳ ወጥተው ለገበሬው ደረሱ። እነዚህ ዝርያዎች በአንድ ዓመት በጀት የተገኙ አይደሉም። የስንዴ ዝርያ ከማዳቀል እስከ መልቀቅ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ሰው በየመስኩ እየዞረ ቅጠል ያያል፣ ይመዘግባል፣ የማይረባውን ይጥላል። ያ ሰው በሁለተኛው ዓመት «ምን አስገኘህ?» ተብሎ ደመወዙ ቢቋረጥ ኖሮ ካካባም ዳንደአም ባልነበሩ። የኮከብ ምርምርም እንዲሁ ነው። ቋሚነት የሌለው ገንዘብ ዘሩ ሳይበቅል እንደሚነቀል ማሳ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚያው ከካዱ ታሪክ የሚገኝ ቢሆንም መራራ ነው። ድርጅቱ የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። ነገር ግን ማዳበሪያውና የተሻሻለው ዘር እርሻን አትራፊ ሲያደርጉት፣ ባለ መሬቶቹ ትራክተር እያስገቡ በሺህ የሚቆጠሩ ጭሰኞችን ከያዙት መሬት አስለቀቁ። ለደሃው የታሰበው በረከት በመጨረሻ ያበለጸገው አስቀድሞ የነበረውን ነው። የ1975 የመሬት አዋጅ እስኪመጣ ድረስ ይህ ግፍ ቀጥሎ ነበር። የምርምር ገንዘብም መንገዱ ካልታሰበበት እንዲሁ ያደርጋል። ውድድሩ ለሁሉም «እኩል» ተብሎ ሲከፈት፣ ሃያ ጽሑፍ ያሳተመው አንጋፋና አንድም ያላሳተመው ወጣት በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ። ሚዛኑ ወደ የት እንደሚያዘነብል የታወቀ ነው። ወጣቱ ጽሑፍ የሌለው ገንዘብ ስለሌለው ነው፤ ገንዘብ የሌለውም ጽሑፍ ስለሌለው ነው። ከዚህ ክብ የሚያወጣው ለእርሱ ብቻ የተለየ ድርሻ ሲመደብለት ነው። የአንጋፎቹን ክብር ለመንካት አይደለም፤ እነርሱም አንድ ቀን ጀማሪዎች ነበሩ።

ሦስተኛው ትምህርት በቆጂ ናት። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ስትሆን፣ በ2008 በቤጂንግ ደግሞ የበቆጂ ልጆች ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ እያንዳንዳቸው በ5,000ና በ10,000 ሜትር ድርብ ወርቅ ሲያመጡ፣ ዓለም «ይህች ትንሽ ከተማ ምን አላት?» ብሎ ጠየቀ። ከፍታ አላት። ከፍታ ያላቸው ሌሎች ከተሞች ግን ብዙ ናቸው። በቆጂ የነበራት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነበሩ፤ በትምህርት ቤት የስፖርት መምህርነት ጀምረው ልጆቹን በየማለዳው ሲያስሮጡ ዓመታት ያሳለፉ ሰው ናቸው። የሜዳው ማማር ቢቀር፣ በየቀኑ የሚመጣ ሰው ነበር። የከዋክብት ትምህርትም በአንድ ከተማ የሚበቅለው በየቀኑ የሚመጣ አንድ ሰው ሲገኝ ነው። ያ ሰው ተስፋ ቈርጦ ከሄደ ከእርሱ በኋላ ሊመጡ የሚችሉት ሁሉ አብረውት ሄዱ ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያስተውሉትን አንድ ነገር ልጥቀስ፤ ይኸውም የቀን መቍጠሪያ ነገር ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያልቃል። በዚያች ቀን ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። አሁን ወደ ሰማይ እንመልከት። ከሰኔ እስከ መስከረም የአርሲ ደጋ በደመና ተሸፍኖ ይከርማል። ሰማዩ ጥርት የሚለው ከጥቅምት እስከ የካቲት ሲሆን፣ ከመጋቢት ጀምሮ የበልጉ ደመና ይመጣል። እንግዲህ የምርምር ጥሪ በኅዳር ቢወጣ፣ ግምገማው በጥር ቢያልቅ፣ ውሉ በየካቲት ቢፈረም፣ ከዚያ ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ተሰብስቦ የግዢ ኮሚቴ ቢቀመጥ፣ ካሜራው የሚደርሰው ደመናው ከደረሰ በኋላ ነው። ተመራማሪው በሰኔ ገንዘቡን ለመጨረስ የማያስፈልገውን ዕቃ ይገዛል፤ ወይም ይመልስና «መጠቀም ያልቻለ» ይባላል። ኮከብ በጀት ዓመት አያውቅም። ስንዴም አያውቅም። ቢሆንም ለስንዴው የመዝሪያ ጊዜ ዘሩ ቀድሞ እንዲደርስ እንጨነቃለን፤ ለሰማዩ የመዝሪያ ጊዜ ግን የሚጨነቅ የለም።

«ሕዝቡ እንጀራ ሳይጠግብ ስለ ኮከብ ታወራላችሁ» የሚለው ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ይህ ከመልካም ልብ የሚወጣ ቃል ነውና በንቀት ሊመለስ አይገባም። መልሴ ግን ይህ ነው። አንደኛ፣ ከስንዴው ላይ ቀንሳችሁ ለኮከቡ ስጡ ያለ ሰው የለም። የአፍሪካ መሪዎች በ2007 በአዲስ አበባ ባደረጉት ጉባኤ እያንዳንዱ አገር ከጠቅላላ ምርቱ 1 በመቶ ያህሉን ለምርምር እንዲያውል ተስማምተው ነበር። ዩኔስኮ ባወጣው ቍጥር ግን በ2017 የኢትዮጵያ ድርሻ 0.27 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ስንዴውም ኮከቡም የተራቡት ከአንድ ጠባብ ሌማት ነው፤ ስለዚህ ጠባቸው እርስ በርሳቸው ሳይሆን ከሌማቱ መጥበብ ጋራ ነው። ሁለተኛ፣ ደካማ ብርሃንን ከጫጫታ ለይቶ ማውጣት፣ ሥዕልን በቍጥር መመርመር፣ ስሕተትን በትክክል መገመት የሥነ ፈለክ ተመራማሪው የዕለት ሥራ ነው። የ2019ኛዋ ሳተላይት የተላከችው ለእርሻ፣ ለአየር ጠባይና ለተፈጥሮ ሀብት ጥናት ነበር፤ ሥዕሎቿን የሚያነቡትም እንዲህ ያለ ሙያ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሳተላይት ገዝቶ አንባቢ አለማሰልጠን መጽሐፍ ገዝቶ ፊደል እንዳለመማር ነው። ሦስተኛ፣ መንግሥት ይህን ወጣት ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ አስተምሮታል። ዕውቀቱ በሠላሳ ዓመቱ ሥራ ፈትቶ ሲዝግ፣ ወይም ወደ ሌላ አገር ሲሻገር፣ የባከነው ገንዘብ የደሃው ገበሬ ገንዘብ ነው። ድህነታችንን እንደ ምክንያት የምንጠራ ከሆነ ይህንንም ኪሳራ በሒሳቡ ውስጥ እናግባው።

አንዳንዶች ደግሞ ገንዘቡን ትተው ክብሩን ብቻ ይይዛሉ። መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ መንገድ የሚናገረውን በግዕዝ ያቆየን እኛ ነን፤ ባሕረ ሐሳብ የእኛ ነው፤ በከዋክብትና በጨረቃ የሚሄደው የቦረና አያንቱዎች አቈጣጠርም የእኛ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ያኰራልም። ነገር ግን ባሕረ ሐሳብን የቀመሩትም ሆኑ አያንቱዎቹ ሥራቸው ይህ ብቻ እንዲሆን ማኅበረሰቡ የሚያከብራቸውና የሚያኖራቸው ሰዎች ነበሩ። ቅርሱን እያወደሱ ወራሹን ማስራብ ምን ይባላል?

ሰውን ማስቀደም የሚያዋጣ መሆኑን ለማየት ወደ ደቡብ አፍሪካ መመልከት ይበቃል። 64 ሳህኖች ያሉት ሚርካት የተባለው የሬድዮ ቴሌስኮፕ የተመረቀው በ2018 ነው። ለወጣት ተማሪዎችና ተመራማሪዎች የትምህርት ገንዘብ መስጠት የተጀመረው ግን በ2005፣ ማለት ቴሌስኮፑ ከመመረቁ 13 ዓመት አስቀድሞ ነበር፤ ከሺህ የሚበልጡ ሰዎችም ተጠቅመውበታል። መሣሪያው ሲደርስ የሚሠሩበት ሰዎች ቆመው ይጠብቁት ነበር። እኛ ዘንድ በተቃራኒው መሣሪያው ሰው ይጠብቃል። ሰርቢያዊቷ ዶክተር ሚርያና ፖቪች ወደ አዲስ አበባ መጥታ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን ስላስተማረችና ስላበረታታች በ2018 ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ሸልሟታል። እርስዋ እኛ ዘንድ ሥራ እንዳለ አይታ ከሩቅ ስትመጣ፣ የእኛ ልጅ ለመቅረት የሚያስችለው ነገር ማጣቱ ሊያሳፍረን ይገባል።

እንግዲያስ ምን ይደረግ? መጮህ ብቻ አይበቃምና አሳቤን በዝርዝር አቀርባለሁ።

1ኛ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ሆኑ የሚመለከተው ሚኒስቴር ከምርምር በጀታቸው የተወሰነ ድርሻ ትምህርታቸውን ከጨረሱ ገና አምስት ዓመት ላልሞላቸው ተመራማሪዎች ብቻ ይለዩ። ወጣት ከወጣት ጋራ ይወዳደር።

2ኛ፤ ገንዘቡ ትንሽ ይሁን፣ ግን ሦስት ዓመት ይቈይ፤ በሰኔ 30 አይሙት።

3ኛ፤ ጥሪው በሚያዝያ ወጥቶ ገንዘቡ በመስከረም ይለቀቅ፤ ጥርት ያሉት ሌሊቶች ሳያልፉ።

4ኛ፤ ገንዘብ የተሰጠው መምህር የማስተማር ሰዓቱ ይቀነስለት። ጊዜ ያልተሰጠው ሰው ገንዘብ ብቻ ቢሰጠው ዕዳ ነው።

5ኛ፤ ከእንጦጦ ቴሌስኮፖች ሌሊቶች ጥቂቱ በየክፍለ አገሩ ላሉ ወጣት መምህራን በውድድር ይሰጥ፤ መሳፈሪያቸውም ይታሰብላቸው።

6ኛ፤ ገንዘቡን የተቀበለ ሁሉ በየዓመቱ ምን እንደ ሠራና ምን እንዳወጣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ፤ ያልተሳካለትም ያልተሳካበትን ምክንያት ይጻፍ። የሕዝብ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ለሕዝብ ሒሳብ ማቅረብን መጥላት የለበትም።

ለእኛ ለተማሪዎችም የሚቀር ድርሻ አለ። በጁን 21 ቀን 2020 የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ላይ ሲያልፍ አገሩ ሁሉ ወደ ሰማይ አንጋጦ ነበር፤ በማግሥቱ ግን ነገሩ ተረሳ። ይህ እንዳይሆን ማኅበራችን በየዓመቱ የምርምር በጀቱ ለማን እንደ ደረሰ ይጠይቅ። ጥያቄው የጠብ አይደለም፤ «ስንት ወጣቶች አመለከቱ? ስንቱ አገኙ? በየትኛው ወር?» ማለት ብቻ ነው። መልሱን በዚህ መጽሔት ላይ እናትመው። በፊዚክስ ክፍል ያለው ወንድማችን ወይም እኅታችን በሌሊት ብቻውን ሲሠራ ስናይም ኮከብ ቁጠርልኝ ብለን ከማሾፍ ምን እንዳየ እንጠይቀው።

ላሟ በሰማይ አለች። ጋጣው በእንጦጦ ተሠርቷል፤ በረቱም ተመርቋል። የቀረው ለአላቢው ማለቢያ ገዝቶ መስጠትና በጠዋት እንዲመጣ ጊዜ መልቀቅ ነው። ይህን ካላደረግን ወተቷን አላየንም ብለን ማማረር አይገባንም።